ክሎሪን ያለበት ውሃ፡ መፍራት ያለብን ምኑን ነው?

በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዐምዳችን ሁላችንም በየቀኑ ስለምንጠጣው፣ ስለምናበስልበትና ዉዱእ ስለምናደርግበት ውሃ፣ በተለይም ጀርሞችን ለመግደል ሲባል ውሃው ውስጥ ስለሚጨመረው ክሎሪን እንነጋገራለን።

በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ "ክሎሪን ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?" የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ መጠየቅ ከመገመት ይሻላልና። የሚያሳስበው ጠይቀው መልስ ሳያገኙ በወሬው ብቻ የሚወስኑት ናቸው። የውሃ ማከሚያውን ጠርሙስ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ እንዳለ ለልጆቻቸው የሚያጠጡ ቤተሰቦች አሉ። እነዚሁ እናቶች ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን አዝለው ኦ አር ኤስና ዚንክ ሊገዙ ይመጣሉ።

ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም፤ መነሻ አለው። ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሸጋገር ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። እስኪ የቀረውን ግማሽ እንፈልገው።

ነገሩ የተጀመረው የት ነው?

ክሎሪን ለመጠጥ ውሃ ማከሚያነት በሰፊው መዋል የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃዋን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ማጣራትና ክሎሪን በተስፋፋባቸው ከተሞች ታይፎይድና ኮሌራ እየቀነሱ ሄዱ። ክሎሪን ርካሽ ነው፤ ደግሞም ውሃው ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ሲጓዝ አብሮ ይጓዛል። በመንገድ ላይ ለሚገባ ጀርም እንደ ዘብ የሚቆመው ይህ የተረፈ ክሎሪን "ቀሪ ክሎሪን" ይባላል።

ለብዙ ዓመታት ክሎሪን በውሃ ውስጥ ጀርም ከመግደል ሌላ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ብዙም አልነበረም። በ1974 እ.ኤ.አ. ግን በኔዘርላንድስ የሮተርዳም ውሃ አገልግሎት ይሠራ የነበረው ኬሚስት ዮሃንስ ሩክ አንድ ነገር አሳወቀ። ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ ውሃው ውስጥ ቀድሞ ያልነበረ ክሎሮፎርም ተገኘ! በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎችም በበኩላቸው ተመሳሳይ ውጤት አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1976 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከፍተኛ መጠን ያለው ክሎሮፎርም በተሰጣቸው አይጦች ላይ ካንሰር መታየቱን ይፋ አደረገ። እንግዲህ ዛሬ በየሰፈሩ የምንሰማው ወሬ ሥሩ እዚህ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው?

የግድብና የወንዝ ውሃ በዝናብ ጊዜ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሣርና አፈር ይዞ ይመጣል። ከዚህ ብስባሽ ውሃ ውስጥ የሚሟሙ፣ ውሃውን አንዳንዴም ቢጫ ወይም ሻይ መሰል ቀለም የሚሰጡ ውህዶች ይገኛሉ። በጥቅሉ የተፈጥሮ ኦርጋኒክ ቁስ ይባላሉ። በራሳቸው ይህን ያህል ጎጂ አይደሉም። ክሎሪን ሲያገኛቸው ግን ከፊሉ ከእነርሱ ጋር ይዋሃድና አዳዲስ ውህዶች ይፈጠራሉ። እነዚህን የክሎሪን ተረፈ ውህዶች እንበላቸው።

በብዛት የሚታወቁት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። የመጀመሪያው ትራይሃሎሚቴን ሲሆን አራት አባላት አሉት፤ እነርሱም ክሎሮፎርም፣ ብሮሞዳይክሎሮሚቴን፣ ዳይብሮሞክሎሮሚቴንና ብሮሞፎርም ናቸው። እነዚህ በቀላሉ የሚተኑ ናቸው። ሁለተኛው ሃሎአሴቲክ አሲድ ይባላል፤ ይህኛው አይተንም።

በተፈጥሮው ብሮማይድ የበዛበት ውሃ ደግሞ ብሮሚን ያላቸውን አባላት ያበዛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ እህትና ወንድሞቻችን የሚጠጡት ውሃ በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ጎልቶ የሚገኘው ብሮሞፎርም የሆነውም ለዚህ ነው፤ የባሕር ውሃ ብሮማይድ አለውና።

መጠኑ ምን ያህል ነው?

እኛ የመድኃኒት ባለሙያዎች የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው መጠኑ መሆኑን ነው። እዚህም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ለክሎሮፎርም 300፣ ለብሮሞፎርም 100፣ ለዳይብሮሞክሎሮሚቴን 100፣ ለብሮሞዳይክሎሮሚቴን ደግሞ 60 ማይክሮ ግራም ጣሪያ አስቀምጧል። የአውሮፓ ኅብረት የአራቱን ድምር 100፣ አሜሪካ ደግሞ 80 ማይክሮ ግራም ላይ ገድበውታል።

ማይክሮ ግራም ስንት ነው? በ10,000 ሊትር ታንከር ውስጥ 1 ግራም ብትጨምሩና ብታማስሉት በእያንዳንዱ ሊትር 100 ማይክሮ ግራም ይደርሰዋል። ጣሪያው ይህን ያህል ጥብቅ ነው። የተቀመጠውም አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢጠጣው ተብሎ ታስቦ ነው፤ አንድ ቀን ማለፉ ያን ቀን ያሳምማል ማለት አይደለም።

አራቱ አብረው ሲገኙ ደግሞ እያንዳንዱ ከጣሪያው ስንት እጅ እንደሆነ ይሰላና ይደመራል፤ ድምሩ ከ1 መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ አንድ ውሃ 60 ክሎሮፎርም፣ 15 ብሮሞዳይክሎሮሚቴን፣ 10 ዳይብሮሞክሎሮሚቴንና 5 ብሮሞፎርም ቢኖረው ስሌቱ 0.2 ሲደመር 0.25 ሲደመር 0.1 ሲደመር 0.05 ይሆናል። ድምሩ 0.6 ነው፤ ስለዚህ ከጣሪያው በታች ነው።

ጉዳቱን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ክሎሮፎርምን "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" በሚለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ ለአሥርት ዓመታት በጠጡ ሰዎች ላይ ከተሠሩ ጥናቶች የተወሰኑት ከፊኛ ካንሰር ጋር ግንኙነት አይተዋል፤ ምክንያቱ ራሱ ተረፈ ውህዱ መሆኑ ግን እስካሁን ቁርጥ ያለ ስምምነት አላገኘም። ስለዚህ ነገሩን "የለም" ብለን አናልፈውም። ውሃ አገልግሎቶች ሊከታተሉት ይገባል።

የሻይ ምሳሌ፡ ሳይለኩ መተንበይ

እነዚህን ውህዶች ለመለካት ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ውጤቱ እስኪደርስ ደግሞ ውሃው ተጠጥቶ አልቋል። ስለዚህ የዘርፉ ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሳንለካ ምን ያህል እንደሚፈጠር አስቀድመን ማወቅ አንችልም ወይ?

ሻይ የምታፈላ እናት ይህን ጥያቄ በቀላሉ ትረዳዋለች። የሻይ ቅጠሉ ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ከነገሯት ሻዩን ሳታይ ወፍራም ይሁን ቀጭን ትናገራለች። የክሎሪን ተረፈ ውህድም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ በውሃው ውስጥ ያለው ኦርጋኒክ ቁስ ነው። በዚህ ላይ የክሎሪኑ መጠን፣ ሙቀቱ፣ የቆይታው ጊዜ፣ የውሃው ፒኤች እና ብሮማይዱ ይጨመራሉ።

በ1987 እ.ኤ.አ. ኤሚ፣ ቻዲክና ቻውድሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከተለያዩ ምንጮች በተወሰዱ ውሃዎች ላይ ሠርተው እነዚህን ነገሮች በአንድ ቀመር አሰሩ። ከቀመሩ የምንረዳው በአጭሩ ይህን ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፦

- የቆይታ ጊዜው እጥፍ ቢሆን ትራይሃሎሚቴን በ20 በመቶ ያህል ይጨምራል።
- የክሎሪኑ መጠን እጥፍ ቢሆን በ33 በመቶ ያህል ይጨምራል።
- የውሃው ፒኤች ከ7 ወደ 8 ቢወጣ በ16 በመቶ ያህል ይጨምራል።
- ኦርጋኒክ ካርቦኑና ውሃው በ254 ናኖ ሜትር የሚውጠው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሁለቱም እጥፍ ቢሆኑ በ84 በመቶ ያህል ይጨምራል።
- ሙቀቱ ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወጣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

እስኪ ይህን ዝርዝር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ብዙ ሰው ስጋቱን የሚጥለው ክሎሪኑ ላይ ብቻ ነው። ቀመሩ ግን ሙቀቱና በውሃው ውስጥ ያለው ብስባሽ ከክሎሪኑ ይልቅ ሚዛን እንደሚደፉ ያሳያል። ሙቀቱን መቆጣጠር አንችልም፤ ብስባሹን ግን ክሎሪን ከማግኘቱ በፊት ማስወገድ እንችላለን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ቀመሩ ወሰን እንዳለውም ማወቅ ይገባል። በአንድ አገር ውሃ ላይ የተሠራ ቀመር በሌላ አገር ውሃ ላይ ሳይስተካከል አይሠራም፤ የጅማ ቅጠልና የሐረር አፈር አንድ አይደሉምና። እያንዳንዱ የውሃ ተቋም የራሱን ውሃ በየወቅቱ ለክቶ ቀመሩን ማረም አለበት። በተጨማሪም ፒኤች ሲጨምር ትራይሃሎሚቴን ቢጨምርም ሃሎአሴቲክ አሲድ ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ እያዩ መወሰን ያሳስታል።

በእኛ አገርስ?

አዲስ አበባ ውሃዋን ከሁለት ዓይነት ምንጭ ታገኛለች። አንደኛው እንደ ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ያሉ ግድቦች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው እንደ አቃቂ ያሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። በአጠቃላይ ሲታይ የግድብ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የበለጠ ኦርጋኒክ ቁስ ይይዛል። ስለዚህ ክትትሉ በግድብ ውሃ ላይ መጠንከር አለበት። ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈርና ብስባሽ ያመጣል፤ ይህ ተረፈ ውህዱን ይጨምራል። ነገር ግን የክረምቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ይቀንሰዋል። ሁለቱ እየተሳሳቡ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚታወቀው በልኬትና በስሌት ነው።

ጥሩ የውሃ ተቋም ክሎሪን ከማብዛቱ በፊት ውሃውን በአሉሚኒየም ሰልፌት አጠራቅሞ ያዘቅጣል፣ በአሸዋ ያጣራል፣ ከዚያ በኋላ ክሎሪን ይጨምራል። የቧንቧ መስመር ጫፍ ላይ ለብዙ ቀናት የቆመውን ውሃ ያስለቅቃል። ማጠራቀሚያዎቹንም ያጥባል።

ክሎሪኑን ብንተወውስ?

አንዳንዶች "ታዲያ ለምን ከነጭራሹ አንተወውም?" ይላሉ። በሁለት ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። በአንደኛው ሚዛን ከአሥርት ዓመታት በኋላ ምናልባት ሊመጣ የሚችል ትንሽ ስጋት አለ። በሌላኛው ሚዛን ኮሌራ አለ። ኮሌራ ሕክምና ያላገኘን ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር ተከስቶ እንደነበር እናስታውሳለን። በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በባሌ የጀመረው ኮሌራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከተረፈ ውህዶች የሚመጣው ስጋት በአግባቡ ካልታከመ ውሃ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ እንደሆነ፣ ተረፈ ውህድን ለመቀነስ ተብሎም ጀርም መግደሉ መጓደል እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል።

በቤት ውስጥ ክሎሪን የሚጨምሩ ሰዎችንም በተመለከተ በምዕራብ ኬንያ የተሠራና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከጠራ ውሃ እስከ ድፍርስ ውሃ ድረስ የተለያየ የምንጭ ውሃ ወስደው በቤት ውስጥ እንደሚደረገው ክሎሪን ጨምረው ለኩት። ትራይሃሎሚቴኑ ከዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በላይ ሆኖ የተገኘበት አንድም ናሙና አልነበረም። ይህ ለእኛም መልካም ዜና ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ድፍርስ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ በዕቃ አስቀምጡትና ይዝቀጥ። ከዚያ የላዩን ቀስ ብላችሁ በንጹሕ፣ ጥቅጥቅ ባለና በታጠፈ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ክሎሪን የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቆሻሻው ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ተረፈ ውህድንም ያበዛል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ማለት ይህ ነው።

2. መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ፈሳሽም ሆነ አኳታብ የተባለው እንክብል የየራሱ መጠን አለው። "ትንሽ ልጨምርበት" ማለት አያስፈልግም፤ ማሳነስም ጀርሙን በሕይወት መተው ነው። ለልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ፣ በተለይም ሽቶ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበት በረኪና ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ደግሞ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

3. 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጀርሙ ለመሞት ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው በጣም ድፍርስ ከሆነ ማሸጊያው የሚለውን ተከተሉ።

4. ከድነው ያስቀምጡ። አፉ ጠባብ የሆነ ጀሪካን ከባልዲ ይሻላል፤ እጅና ኩባያ አይገባበትምና። ለቀናት የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ስለሚያልቅ መልሶ ሊበከል ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ተጠቅማችሁ ብትጨርሱት ጥሩ ነው።

5. ሽታው ካስቸገራችሁ ክሎሪኑን አትተዉ። 30 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ከአንድ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ብታገላብጡት ሽታው ይቀንሳል፤ ትራይሃሎሚቴኑም በከፊል ይተናል።

6. ለማፍላት የምትመርጡ ከሆነ በትክክል አፍሉ። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ስለሚፈላ ውሃ ሲንተከተክ ብዙው ይወጣል፤ ሃሎአሴቲክ አሲዱ ግን ሁሉም አይወጣም። ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። የፈላ ውሃ ቀሪ ክሎሪን ስለማይኖረው በከደናችሁት ዕቃ ውስጥ ማቆየቱን አትርሱ። ጀበና ላይ ለሚጣደውና ለሻይ ለሚፈላው ውሃ በዚህ ረገድ ብዙ አትጨነቁ።

7. የከሰል ማጣሪያ ያላችሁ በወቅቱ ቀይሩት። ክሎሪንንም ተረፈ ውህድንም ይይዛል፤ ጊዜው ካለፈ ግን የጀርም መኖሪያ ይሆናል።

8. በሙቅ ውሃ ሻወር ስትወስዱ መስኮት ክፈቱ። የሚተኑት ውህዶች በመጠጣት ብቻ ሳይሆን በመተንፈስና በቆዳም ይገባሉና።

ስለ ሮቶና ስለ መስጂድ ታንከር

ውሃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በየመስጂዱም ለዉዱእ የሚሆን ትልቅ ታንከር ይሰቀላል። ብዙ ሰው ከዚሁ ውሃ ይጠጣል፤ ልጆችም ከቁርኣን ትምህርት ሲወጡ አፋቸውን ቧንቧው ላይ ይደቅናሉ። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ታንከር ይሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ ተረፈ ውህድን እንደሚያበዛና ክሎሪንን ቶሎ እንደሚጨርስ አይተናል። ከታች የሚዘቅጠው ጭቃም ክሎሪኑን ይበላል።

መፍትሔው ክሎሪን እያበዙ መጨመር አይደለም። ታንከሩን በየጊዜው ባዶ አድርጎ ጭቃውን ማጠብ፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ ከተቻለም ጥላ ማበጀት ነው። ከዚያ በኋላ በልኩ የሚጨመር ክሎሪን ይበቃል። ከቧንቧው ሲቀዳ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን መኖር አለበት። ይህን ቀለሙን በማየት የሚለካ ቀላል መመርመሪያ አለ፤ የወረዳችሁን የጤና ባለሙያ ወይም የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ትችላላችሁ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ታንከር የሚታጠብበትን ቀን ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ለጀመዓው ትልቅ አገልግሎት ነው። ከተማችሁ የትራይሃሎሚቴን ልኬት ታደርግ እንደሆነም የውሃ ተቋሙን በጽሑፍ መጠየቅ የተጠቃሚ መብት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የተቆለፈውን የውሃ ማከሚያ ከቁም ሣጥኑ አውጡት፤ የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉንም ተመልከቱ። ውሃውን አጥሩ፣ ከዚያ በልኩ ክሎሪን ጨምሩ፣ ጠብቁ፣ ክደኑ። ልጃችሁ ተቅማጥ ከጀመረው ደግሞ ኦ አር ኤሱን ቶሎ አስጀምሩና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አላህ ቤተሰቦቻችንን ከበሽታ ይጠብቅልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።